የፋሲካው ዶሮ ትርፍ በታኅሣሥ ብርድ ይወሰናል

ለፋሲካ ገበያ ዶሮ ለማድረስ የሚያስብ አርቢ ጫጩቱን የሚያስገባው በታኅሣሥና በጥር ነው። ሳሶን የመሰሉ ዝርያዎች ለበዓል ገበያ የሚሆን ቁመና ለመያዝ ሦስት ወር ያህል ስለሚፈጅባቸው ከበዓሉ ወደ ኋላ ሲቆጠር ሌላ ምርጫ የለም። የደጋው ሰማይ ጠርቶ የሌሊቱ ብርድ የሚበረታውም በዚሁ ወቅት ነው።

ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። ከመቶ ጫጩት ሃያ የሞተበት ሰው የቀሩት ሰማንያዎቹ የመግዣ ዋጋቸው በ25 በመቶ ከፍ ብሎ ይቆጠርበታል። ሠላሳ ከሞተበት ጭማሪው ወደ 43 በመቶ ይደርሳል። ይህ መኖውን፣ መብራቱንና የሠራተኛውን ደመወዝ ሳይጨምር ነው። በአንድ ጫጩት ጥቂት ብር ለማስቀነስ ከደላላ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከር ነጋዴ ማደሪያውን ሳያሞቅ ጫጩት ማስገባቱ የሚገርም ነው።

የጫጩት ማስፈልፈያዎች በብዛት የሚገኙት በቢሾፍቱና በአካባቢው ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ የከፍታ ልዩነት ብቻ አየሩ በአምስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይለመዳል።

በብርድ የተመታ ጫጩት ሁልጊዜ በዚያው ሌሊት አይሞትም። መብላቱን ይተዋል፣ ይተቃቀፋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሞቱ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። በገዢና በሻጭ መካከል ለሚነሳው ጭቅጭቅ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ገዢው የታመመ ጫጩት ተሸጠልኝ ይላል፤ ሻጩ በበኩሉ ጤነኛ አስረክቤያለሁ ይላል። ጫጩቶቹ ከማሞቂያው ሥር ተደራርበው ካደሩ ጥፋቱ ከማደሪያው ነው። ከማሞቂያው ሸሽተው ግድግዳ ከተጠጉ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው። በየቦታው ተበትነው የሚበሉና የሚተኙ ከሆነ ግን ደኅና ናቸው።

ብርዱን የፈራ አርቢ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው እርምጃ መስኮቱን በላስቲክና በማዳበሪያ ከረጢት መድፈን ነው። ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከዚህ ነው። የዶሮ ኩስ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ትንፋሹም እርጥበት አለው። መውጫ ያጣው እርጥበት ሌሊት በቆርቆሮው ላይ ተጠራቅሞ ጎሕ ሲቀድ ይንጠባጠባል፣ ጉዝጓዙም ይረጥባል። ከረጠበ ጉዝጓዝ የሚነሳው አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ ኮክሲዲያም የሚራባው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። መብራት ሲጠፋ በተደፈነው ቤት ውስጥ ከሰል የሚያቀጣጥል ካለ አደጋው ለጫጩቱ ብቻ ሳይሆን ለጠባቂውም ጭምር ነው።

ስለዚህ የሚደፈነው ንፋስ በቀጥታ በዶሮዎቹ ቁመት የሚገባበት የታችኛው ቀዳዳ እንጂ ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍተት አይደለም። የላይኛው ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት። ጉዝጓዙን ለመመርመር አንድ እፍኝ ጨብጦ መልቀቅ ይበቃል፤ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ስለሆነ ይቀየራል። ጠዋት ቤቱ ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ከመጣ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ያደገው ዶሮ ብርድን በላባው ይቋቋማል። ላባ የሌለው በአናቱ ላይ የቆመው ቀይ ሥጋ፣ ከመንቁሩ ሥር የሚንጠለጠለውና የእግሩ ጣቶች ግን በውርጭ ይጎዳሉ። በደብረ ብርሃን አካባቢ የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ቀናት ስላሉ፣ በተለይ እርጥበት ባለበት ቤት የሚያድር ትልቅ ነጠላ አናት ያለው አውራ ዶሮ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ጫፉ በመጀመሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ያብጣል፣ በመጨረሻም ይጠቁራል። ዶሮ ሲገዛ አስቀድሞ አናቱን የሚያይ ሰው ብዙ ነውና አናቱ የጠቆረ አውራ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፤ በሽተኛ ነው ተብሎ የሚታለፍበትም ጊዜ አለ።

የተጎዳውን ቦታ ማሸት ወይም እሳት አጠገብ ማስጠጋት ቁስሉን ያብሰዋል። ዶሮው ደረቅና ሞቅ ወዳለ ክፍል ይገባል፤ እግሩ ከሆነ የተጎዳው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ያህል ይነከራል፣ ከዚያም በደንብ ይደርቃል። የጠቆረው ጫፍ ሥሩ ላለው ሥጋ ሽፋን ስለሚሆን አይቆረጥም፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወድቃል። ሌሎቹ እንዳይጭሩት ለብቻው ይቀመጣል። መግል ከያዘ ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው።

ቆጡ ከክብ እንጨት ይልቅ በሰፊው ጎኑ የተጋደመ ጠርብ ቢሆን ዶሮው ጣቶቹን በሆዱ ላባ ሸፍኖ ያድራል፤ ይህ ወጪው ከአንድ ጠርብ አይበልጥም። ካናዳውያን ከዚህ አልፈው ሄደዋል። በኩቤክ ይኖሩ የነበሩ አንድ መነኩሴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሻንተክሌር የተባለውን ዝርያ ያወጡት በአናቱ ላይ ውርጭ የሚይዘው ሥጋ እጅግ አነስተኛ እንዲሆን አድርገው ነው። በደጋ ለሚያረባ ሰው አውራ ሲመርጥ ከቁመቱ ሌላ የአናቱን ቅርጽም ማየት ይጠቅመዋል፤ አጠርና ደምደም ያለው ከረጅሙ ነጠላ ይልቅ ውርጭን ይችላል።