ያረጀ የጭነት መኪና ወፍራም ዘይት ይፈልጋል?

«ሞተሩ አርጅቷል፣ ወፍራም ዘይት ስጠው» የሚለው ምክር ትክክል ነው ወይ እያላችሁ ስለምትጠይቁ ልመልስ። 15ደብልዩ-40 በሚባል ዘይት ላይ 15ቱ በብርድ፣ 40ው በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ያመለክታል። በደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይት ብሮንዚኑና ተርቦው ጋ ለመድረስ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ብረት ከብረት ይፋተጋል። «ጌጁ እኮ ከፍ አለ» ትሉ ይሆናል። ወፍራም ዘይት ለመፍሰስ ስለሚቸገር ግፊቱ ይጨምራል፤ ይህ ግን ዘይቱ በበቂ መጠን መዳረሱን አያሳይም።

የፒስተን ፋሻው አልቆ ዘይት የሚበላና አፋር በረሃ የሚመላለስ መኪና፣ ማኑዋሉ ከፈቀደ፣ 20ደብልዩ-50 ቢጠቀም አልቃወምም። ፍጆታውን ይቀንስ ይሆናል፤ ፋሻ ግን አያድስም። ይልቅ ጣሳው ላይ እንደ ሲአይ-4 ያለ የናፍጣ ሞተር ደረጃ መኖሩን እዩ። ሞተሩ የሚያወጣውን ጥላሸት በትኖ የሚይዘው እንዲህ ባለ ዘይት ውስጥ ያለው ማጽጃና በታኝ ቅመም ነው፤ ስለዚህ ዘይቱ ቶሎ ጠቆረ ብላችሁ አትደንግጡ። የመኪናችሁን ሞዴልና የምትሠሩበትን መስመር ጻፉልኝ።