የሐረር ኪታቦች በማን ቋንቋ ይነበቡ?

ስለ ሐረር የተጻፉትን ዋና ዋና የጥናት መጻሕፍት ማንበብ ለሚፈልግ የጁገል (የግንቡ ከተማ) ልጅ አማርኛና ጌይ ሲናን (ሐረሪኛ) ማወቁ ብቻ አይበቃውም። ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛም ያስፈልገዋል። ኤንሪኮ ቼሩሊ የከተማዋን ቋንቋና ታሪክ ያጠናበትን ትልቅ ሥራ ሮም ላይ ያሳተመው በጣሊያንኛ ነው። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1936 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነበር፤ ደራሲውም ኋላ በቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከፍተኛ ሹም ሆኖ ወደ አገራችን መጥቷል። ኤቫልድ ቫግነር ስለ ሼኽ አባድርና ስለ ከተማዋ ወልዮች አመጣጥ የሚተርከውን «ፈትሕ መዲነት ሐረር» በ1978፣ በአረብኛ ፊደል የተጻፉ የሐረሪ ጽሑፎችን ደግሞ በ1983 ያወጣው በጀርመንኛ ነው። የቮልፍ ሌስላው የሐረሪ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት በ1963 ከካሊፎርኒያ በእንግሊዝኛ ታተመ። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የሚዘግበው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በመጀመሪያ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከብዙ ዘመን በኋላም በ2003 ወደ እንግሊዝኛ ተመልሷል።

እነዚህ ሊቃውንት ባይደክሙ ኖሮ ዛሬ የማናውቀው ብዙ ነገር ነበር። ውለታቸው አይካድም። ነገር ግን መጽሐፍ ገልብጦ፣ ደጉሶ፣ ለልጅ ልጅ ሲያወርስ የኖረ ሕዝብ ስለራሱ የተጻፈውን ለማንበብ አስተርጓሚ የሚፈልግበት ሁኔታ መቀጠል የለበትም። ጉዳዩ ከአንድ ትውልድ ዕድሜ በላይ ሲነሳና ሲወድቅ ቆይቷል፤ እስከ ዛሬም እልባት አላገኘም።

ሐረር ከመጽሐፍ ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ወደ ከተማዋ ገብቶ አሥር ቀን ሲቆይ ብዙ ነገር አላማረውም፤ ስለ ሕዝቡ የጻፈውም ንቀት የተጫነው ነው። ሆኖም የመጽሐፍ ድጉሰቱን ሲያይ ማድነቁን መደበቅ አልቻለም። በጥንካሬና በውበት ከፋርስ በቀር የሚበልጠው የምሥራቅ አገር እንደሌለ መስክሯል። ይህ ሙያ ከየትም የወደቀ አልነበረም። ከቢሮች (መምህራን) በየቁርአን ጌዩ (ቁርአን ቤቱ) ያስተምራሉ፤ ተማሪ የሚማርበትን ኪታብ በእጁ ይገለብጣል፤ ደጓሹ ቆዳውን አለስልሶ፣ በማኅተም አጊጦ ያለብሰዋል።

ከእነዚህ ኪታቦች አንዱን ገልጦ ላየ ሰው ገጹ ራሱ ብዙ ይናገራል። እንደ ደጋው የግዕዝ መጽሐፍ ብራና አይደለም፤ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ብዙ ጊዜ ሦስት ጨረቃ ብልጭ ይላል፤ በጣሊያን ተሠርቶ ለምሥራቁ ገበያ ይላክ የነበረው ወረቀት ምልክት ነው። በቁርአኖቹ ላይ የመስመሮቹ ጽሑፍ ወፍራምና ጥቁር ሲሆን በኅዳጉ ላይ ስለ አነባበቡ የተጻፉ ማስታወሻዎች ዘመም ብለው ይወርዳሉ። የፊደሉን ቅርጽ ያጠኑ ባለሙያዎች በሕንድ ከተጻፉ ቁርአኖች ጋር ዝምድና አይተውበታል። ወረቀቱ ከጣሊያን፣ የፊደሉ አጣጣል ከሕንድ፣ ቋንቋው ከዐረብ፣ እጁ ከሐረር ነው። ሐጅ ሰዕድ ኢብን አዲሽ ዑመር ዲን የተባለ ጸሐፊ በ1749 የጨረሰው የዚህ አካባቢ ቁርአን ዛሬ የሚገኘው ለንደን ውስጥ በኸሊሊ ስብስብ ነው።

በብዙዎቹ መግቢያ ላይ የወቅፍ ቃል አለ። መጽሐፉ ለአላህ ተብሎ የተሰጠ መሆኑን፣ እንደማይሸጥ፣ እንደማይወረስ፣ ለማን ንባብ እንደሚውል ይናገራል። እኔ ከሁሉም በላይ የምመለከተው ይህንን ነው። የኪታቡ ባለቤት ግለሰብ ሳይሆን አንባቢው እንደሆነ አባቶች በቀለም አስፍረው ሄደዋል።

ሁሉም መንፈሳዊ ጽሑፍ ነው ማለት አይደለም። ታሪክ ተመራማሪው አሕመድ ዘከሪያ በ1997 ያስተዋወቁት ከ1783 እስከ 1794 የገዙት የአሚር ዐብዱሽሹኩር የሒሳብ መዝገብ ነው። የከተማ ታሪክ ከጦርነትና ከነገሥታት ስም ዝርዝር ወጥቶ የሰው ኑሮ የሚሆነው እንዲህ ባለው መዝገብ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ግን የሚጠናው በጥቂት ባለሙያዎች ነው፤ የትምህርት ቤት ልጆች ስሙን እንኳ አልሰሙም።

ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ለዘመናችን ሊቃውንት አዲስ የሚመስል፣ በጁገል ግን የቆየ ጥያቄ አለ። የሰው ልጅ ራሱን የሚያውቀው በምንድን ነው? «እኔ» የሚለው በውስጡ ያለው ማን ነው? የፕሪንስተኑ የሥነ ልቦና ምሁር ጁሊያን ጄይንስ በ1976 ባወጣው መጽሐፉ ዛሬ የምናውቀው ራስን የማወቅ ችሎታ ከተፈጠረ ከሦስት ሺህ ዓመት ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያ በፊት ሰው በጭንቅላቱ የሚሰማውን ድምፅ የአማልክት ትእዛዝ አድርጎ ይኖር ነበር ሲል ተከራከረ። ማስረጃውን በዋናነት ያመጣው ከሆሜር፣ ከመስጴጦምያና ከብሉይ ኪዳን ነው። አብዛኛው ሳይንቲስት ሐሳቡን አልተቀበለውም። እኔም አልቀበለውም። ነገር ግን የአንድን ዘመን አእምሮ ለመረዳት የዚያን ዘመን ጽሑፍ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል የሚለው አካሄዱ ቁም ነገር አለው። በዚህ አካሄድ ከሄድን የሐረር ኪታቦች ሳይነበቡ የሚቀሩበት ምክንያት አይታየኝም።

በ1111 የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተሰኘው ሥራቸው አንድ ሙሉ ክፍል ለልብ አስደናቂ ባሕርያት ሰጥተዋል። ልብ እንደ መስታወት ነው፤ በኃጢአት ይዝጋል፣ በዝክር ይጠራል፤ ራሱን ያወቀ ሰው ጌታውን ያውቃል የሚለው የሱፊዎች ትምህርት በቃዲርያ መንገድ በሐረር ሥር ሰድዷል። በ1765 ያረፉት ሼኽ ሃሺም ኢብን ዐብዱልዐዚዝ በዚሁ መንገድ የሄዱ የከተማዋ ልጅ ናቸው። በዐረብኛ «አል-ፈትሕ አር-ረሕማኒ»ን፣ ለነቢዩ ውዳሴ ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ግጥም አቅርበዋል። በ1880 ወደ ሐረር የመጣውን ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦን የሚጠይቅ ጎብኚ ብዙ ነው፤ በስሙም ሙዚየም አለ። የሼኽ ሃሺምን ሥራ የሚጠይቀው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ራምቦ ወደ ሐረር ሲመጣ ግጥም መጻፉን ትቶ ነበር፤ ሼኽ ሃሺም ግን እዚያው ጽፈው እዚያው አርፈዋል።

ትምህርቱ በወረቀት ብቻ አልቀረም። ሐሙስ ማታ በአዋች (በወልዮች) ቤት ዝክሪ ሲደረግ ከበሮው ይመታል፣ ጫት ይቃማል፣ የአላህና የነቢዩ ስም እየተደጋገመ ሌሊቱ ይገፋል። የተቀመጠው ሰው ከራሱ ጭንቀት ወጥቶ ከጉባኤው ጋር አንድ ይሆናል። ሳይንስ በጫት ውስጥ ያለውን ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ለይቶ ያወቀው በ1970ዎቹ ነው፤ የሐረር ሰዎች ግን ነቅቶ ለማደርና ለማንበብ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ዛሬ በየመንገዱ ዳር ሥራ ፈት ወጣት የሚቅመው ጫት ከዚያ ሥርዓት ጋር አንድ አይደለም፤ አንድ አድርጎ መመልከትም ስሕተት ነው። ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ተጾሞ የሚከበረው ሸዋሊድ በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቃሉና ዜማው ተመዘገበ፤ ከዝክሪው ጀርባ ያሉት ኪታቦች ግን ገና በሚገባ አልተነበቡም።

ስለ አእምሮና ስለ ንቃት ከተነሣ አንድ መጽሐፍ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አውስትራሊያዊው ማርከስ ቤይንስ-ሮክ በ2015 ያሳተመው ስለ ሐረር ጅቦች ነው። ሌሊት በጁገል ጠባብ ጎዳናዎች ጅቦቹን እየተከተለ አጥንቷል። በከተማዋ እምነት ጅብ ክፉ ጂኒን ይበላል፤ በአጥሩ የተተዉት ቀዳዳዎችም መተላለፊያው ናቸው። ተመራማሪው ይህንን እንደ ተረት አልናቀውም። ሰውና አውሬ አንዱ የሌላውን አእምሮ እየለመደ እንዴት አብሮ እንደሚኖር የሚያስረዳ ዕውቀት አድርጎ ወሰደው። ስለ ንቃት በቅርብ ዓመታት ከተጻፉት ውስጥ ይህን ያህል መሬት የነካ ብዙ አላነበብኩም። ባለ ዕውቀቶቹ የሐረር ሰዎች ናቸው፤ መጽሐፉ ግን በአማርኛም በጌይ ሲናንም የለም።

ኪታቦቹስ የት ሄዱ? ከ1887 የጨለንቆ ጦርነት በኋላ አሚርነቱ ሲያበቃ የጽሑፉ ደጋፊ ቤተ መንግሥት አብሮ ወደቀ። በ1948 ብዙ ሐረሪዎች ሲታሰሩና ንብረታቸው ሲወረስ፣ በ1975 ደግሞ መሬትና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ቤተሰብ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ኋላም እስከ ቶሮንቶ ተበተነ። በጌይ ጋሩ (በሐረሪው ባህላዊ ቤት) ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ኪታብ አንዱ ተሸጠ፣ አንዱ ተሰደደ፣ አንዱ በእርጥበት ጠፋ።

የተረፈውን ለመሰብሰብ የተነሱት ግለሰብ ናቸው። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው በየቤቱ እየዞሩ ያሰባሰቡት የእጅ ጽሑፍ ከአንድ ሺህ በላይ ደርሷል። በራስ ተፈሪ ቤት በሚገኘው ሙዚየማቸው ተጠብቆ ይገኛል፤ አብዛኛውም በዲጂታል ፎቶ ተነሥቷል። የጥንቱ ድጉሰት እንዲያንሰራራ አድርገው የተጎዱትን መልሰው አስጠግነዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ካለው የዐረብኛ ጽሑፍ ክምችት ጋር ሲደመር መሠረት የሚሆን ሀብት አለን። ለዚያ ክምችት በ2014 የወጣው ዝርዝር ግን የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው።

በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጁገል 82 መስጊዶችና 102 መካናት (ቅዱሳን ስፍራዎች) እንዳሏት በየመግለጫው ይነገራል። የኪታቦቿ ዝርዝር በአገሩ ቋንቋ የለም። ይህ ጉድለት የገንዘብ እጦት ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ቅርስ ሲባል ድንጋዩን ብቻ የማየት ልማድ ነው። የክልሉ ባህልና ቅርስ ቢሮና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋሙ የቼሩሊንና የቫግነርን ሥራ ወደ አማርኛና ወደ ጌይ ሲናን ለማስመለስ ቢነሱ የሚያግዳቸው ነገር አይታየኝም። የውጭ ተመራማሪም በሐረር ሠርቶ ያሳተመውን አንድ ቅጂ ለከተማዋ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአረብኛ ፊደል የተጻፈውን ሐረሪኛ የሚያነቡት ከቢሮች ዕድሜያቸው እየገፋ ስለሆነ ወጣቶችን ከእግራቸው ሥር ማስቀመጥ ከሁሉም መቅደም አለበት።

በቤታችሁ ኪታብ ያላችሁ ወገኖች፣ ለነጋዴ አትስጡት። መስጠት ባትፈልጉ እንኳ ሙዚየሙ ፎቶ እንዲያነሳው ፍቀዱ፤ የወቅፉ ቃልም የሚያዘው ይህንኑ ነው።