ሊሚተርን እንተዋወቀው

በሮቤ (የባሌዋን ሳይሆን ከአሰላ በስተምሥራቅ ያለችውን የአርሲዋን ሮቤ ማለቴ ነው) ዘፈን የሚያቀናብር ልጅ ሥራውን ጨርሶ ሲያስረክብ ከዘፋኙ የሚሰማው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ሁሉም ነገር አሪፍ ነው፤ ግን ከሌላው ሰው ዘፈን ቀጥሎ ሲከፈት ያንሳል። ትንሽ አስጩኸውማ!» ዘፋኙ እውነቱን ነው። ዘፈኑ በፍላሽ ተጭኖ ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት ከፊቱም ከኋላውም አዲስ አበባ በደንብ የተሠራ ዘፈን አለ። ሹፌሩ ለአንድ ዘፈን ብሎ ድምፅ አይጨምርም፤ ተሳፋሪውም ዝቅ ያለውን ሥራ ደካማ ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል። አቀናባሪው ታዲያ ሊሚተር የሚባለውን ፕለጊን (ሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ይከፍታል።

የሊሚተር ሥራ እንዲገባን ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ እንዳለው ማወቅ ይበቃል። ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ የሚወጣው ድምፅ ይቆረጥና ይሰነጠቃል። አንድ ዘፈን ውስጥ ጣሪያውን የሚነኩት ግን ጥቂት ድምፆች ናቸው፤ የከበሮ ምትና ጭብጨባ ዋናዎቹ ሲሆኑ እነሱም ለጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ዘፋኙ፣ ክራሩና ኪቦርዱ ከእነሱ በጣም ዝቅ ብለው ይጓዛሉ። ሊሚተር እነዚያን ጫፎች ዝቅ አድርጎ የተገኘውን ክፍት ቦታ ለቀሪው ድምፅ ይሰጣል። ስንዴ የሚሞላ ገበሬ ጆንያውን ብድግ አድርጎ መሬት ላይ ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው እንደሚሆነው ነው፤ ጆንያው ሳያድግ የሚይዘው ይጨምራል።

ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ የተመቸው ወደፊት ማየት ስለሚችል ነው። ሊሚተሩ ድምፁን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ያቆየውና የሚመጣውን ጫፍ አስቀድሞ አይቶ ሳይደርስ ይዘጋጃል። ዌቭስ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ኤል ዋን የተሰኘውን ሊሚተር በዚህ ዘዴ ሠርቶ ሲያወጣ፣ በሲዲ ዘመን የተፋፋመው የጩኸት ውድድር ትልቅ ጉልበት አገኘ። በሸክላ ዘመን እስከዚህ ድረስ መሄድ አይቻልም ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የራሱ ልክ ነበረው፤ ድምፁ በበዛ ቁጥር ጎድጎዱ ሰፍቶ ቦታ ይጨርሳል፣ ሲብስም መርፌው ይዘላል። ካሴት ደግሞ ሲጫኑት ጫፎቹን በለዘብታ ስለሚያጎብጣቸው ብዙ ሰው የሚናፍቀው የድሮ ካሴት ሙቀት በከፊል ከዚያ የመጣ ነው። ዲጂታል እንዲህ ያለ ገር ጠባይ የለውም፤ ልኩን የሚያበጀው ሰውየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» አልበም ከልክ በላይ ስለተጨመቀ የራሱ አድናቂዎች እንደገና ይሚከስልን ብለው ፊርማ አሰባስበው ነበር።

ለእኛ ጉዳቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። በአርሲ ሴቶች የአቴቴ ዝማሬም ሆነ በየሠርጉ ዘፈን አንዷ ታወጣለች፣ ብዙኃኑ ይቀበላል። የዚያ ዜማ ጉልበት ያለው በልዩነቱ ውስጥ ነው። አንድ ድምፅ ብቻውን ሲሄድ ቆይቶ ተቀባዩ ከነጭብጨባው ሲገባ ሰውነት የሚነሣው ከትንሽ ወደ ትልቅ ስለተሄደ ነው። ሊሚተር አለልክ ሲጫን አውጪዋን ወደ ላይ ይስብና ተቀባዩን ወደ ታች ይደፍቃል፤ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ዘፈኑ ይጮሃል፣ ግን ተቀባዩ ሲገባ ምንም አይሆንም። ይህን በስፒከር የሰማ ሰው የሚያዝን ይመስለኛል፤ እኔ አዝናለሁ።

ደግሞ ያ ሁሉ ጭመቃ ዩቲዩብ ላይ ሲደርስ ከንቱ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 የድምፅን ጩኸት የጆሮን ጠባይ ተከትሎ የሚለካ መስፈርት አወጣ፤ አሃዱ ሉፍስ ይባላል። ዩቲዩብ ከ-14 ሉፍስ ገደማ በላይ የሚጮኸውን ዘፈን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ስፖቲፋይም በተለመደው አቀማመጡ ልኩ -14 ነው። እንግዲህ ተጨምቆ -7 የደረሰ ዘፈን 7 ዴሲቤል ይቀነስበታል። ጫፎቹ አስቀድመው ስለተቆረጡ ከበሮው ከጣሪያው በጣም ርቆ ይቀራል። አጠገቡ በ-14 የተለቀቀው ዘፈን ግን ሳይነካ ያልፋል፣ ከበሮውም እስከ ጣሪያው ይመታል። ሁለቱ እኩል ይጮሃሉ፤ የሚመታው ግን ሁለተኛው ነው። ማረጋገጥ የፈለገ በኮምፒውተር የራሱን ቪዲዮ ከፍቶ ቀኝ ክሊክ በማድረግ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ይጫን፤ ዘፈኑ ከልኩ ስንት ዴሲቤል እንደራቀ እዚያው ተጽፎ ያገኘዋል።

ስለዚህ ፕለጊን ለሚመርጥ ሰው የምመክረው ከሊሚተር በፊት መለኪያ እንዲጭን ነው። ዩሊን ላውድነስ ሜትር ነፃ ቅጂ አለው፣ ለዚህ ሥራም በቂ ነው። መለኪያው ከሌለ ጆሮ ይታለላል፤ ሰው ሁለት ድምፅ ሲያወዳድር በአንድ ዴሲቤል ብቻ የበለጠውን እንኳ «ይሄ ይሻላል» ይላል። ሊሚተር ሲከፈት ድምፅ ስለሚጨምር ሁሉም ሊሚተር ጥሩ ይመስላል። ሁለት ሊሚተሮችን ማወዳደር የሚቻለው የሁለቱም መውጫ በመለኪያው እኩል ከተደረገ በኋላ ነው። ያኔ ስም ያላቸውም ዋጋቸውን ያጣሉ፣ ያልታወቁትም ይገርማሉ። ፋብፊልተር ፕሮ ኤል ቱና አይዞቶፕ ኦዞን የሚመሰገኑት በምክንያት ነው። ግን የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው የሮቤ ልጅ ላውድማክስና ሊሚተር ነምበር ሲክስ በነፃ ይገኛሉ፤ ኤፍ ኤል ስቱዲዮም ፍሩቲ ሊሚተርንና ማክሲመስን፣ ኪዩቤዝም ማክሲማይዘርን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ክራክ የተደረገ ፕለጊን ከየቴሌግራሙ አውርዶ ኮምፒውተሩን ከነሥራው በቫይረስ ከማጣት እነዚህን ጠንቅቆ ማወቅ እጅግ ይሻላል።

ሲያወዳድሩ ልዩነቱ ቶሎ የሚገለጠው ሪሊዝ በሚባለው ማስተካከያ ላይ ነው። ሪሊዝ ሊሚተሩ ጫፉን ከያዘ በኋላ የሚለቅበት ፍጥነት ነው። 50 ኸርዝ የሆነ ቤዝ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ20 ሚሊሰከንድ ነው። ሪሊዙ ከዚያ ካጠረ ሊሚተሩ በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ እየያዘ እየለቀቀ የቤዙን ቅርፅ ራሱን ያበላሻል፤ የሚሰማው ማጉረምረም የዚያ ነው። በጣም ከረዘመ ደግሞ እያንዳንዱ የከበሮ ምት ዘፋኙን አብሮ ይዞ ይወርድና ድምፁ እየተነፈሰ የሚሄድ ይመስላል። ጥሩ ሊሚተር ይህን እንደ ዘፈኑ ራሱ ያስተካክላል፤ ቀላሉ ግን ሰውየው እንዲፈልግለት ይጠብቃል።

ሌላው ዘዴ ክሊፐር ነው። ክሊፐር ጫፉን ሳይዝ ሳይለቅ በቀጥታ ይቆርጠዋል። ጭብጨባና ከበሮ ጫፋቸው በጣም አጭር ስለሆነ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ቢቆረጥላቸው ጆሮ አያውቀውም። የዘፋኝ ድምፅ ግን ወዲያው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክሊፐሩ በጭብጨባውና በከበሮው ትራክ ላይ ብቻ ሲገባ ማስተሩ (ሁሉም ትራክ የሚገናኝበት መውጫ) ላይ ላለው ሊሚተር የሚቀረው ሥራ ትንሽ ይሆናል። ጩኸት የሚገኘው እንዲህ ከሥር ነው። ከ35 ኸርዝ በታች ያለውን በኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለይቶ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ማውጣትም ያው ነው፤ ያ ድምፅ በስልክ ፈጽሞ አይሰማም፣ ቦታ ግን ይይዛል። ጆሮ አብልጦ የሚሰማው ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ክራሩና ዘፋኙ እዚያ ላይ ካልተጣሉ ዘፈኑ ምንም ሳይጫን የጎላ ይመስላል።

የሮቤ ሠርግና ሚኒባስ ግን ዩቲዩብ አይደሉም። ፍላሽ ላይ ያለን ዘፈን ማንም ዝቅ አያደርገውም፤ እዚያ የበለጠ የጮኸ በእርግጥም ይበልጣል። እኔ ሁለት ፋይል ማውጣትን እመርጣለሁ። ለፍላሹ -9 ገደማ፣ ተቀባዩ ሲገባ አሁንም የሚያድግ ከሆነ ብቻ፤ ለዩቲዩቡ ከ-12 እስከ -14። በሁለቱም የሊሚተሩን ጣሪያ ዜሮ ላይ ሳይሆን -1 ላይ አቆመዋለሁ፤ ፋይሉ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ጫፎቹ ከነበሩበት ከፍ ስለሚሉ ያቺ አንድ ዴሲቤል ባትኖር በርካሽ ስልክ ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል።