ድንኩ ማን ነበር?

በልብ ወለድ መጻሕፍት ውስጥ ድንክ ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለሣቅ ነው። ጀግናው ሰይፉን ሲመዝ እርሱ ከጎኑ ቆሞ ይፎክራል፤ ጀግናው ሲነግሥ እርሱ ይረሳል። የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ምን ቂም ይዞ እንደ መጣ የሚጠይቅ አንባቢ ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ ይህን ጥያቄ ማንሣት ወደድን።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ጊምሊ የተባለ ድንክ አለ። ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ፊልሙን ያዩ ወጣቶች የሚያስታውሱት መጥረቢያውንና ቀልዱን ይሆናል። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሆቢት» አባቱ ግሎይን ዘንዶ የቀማቸውን ተራራ ለማስመለስ ከአሥራ ሁለት ድንኮች ጋር ሲዘምት፣ የኤልፎች ንጉሥ ይዞ ያስራቸዋል። ጊምሊ በዚያ ጊዜ 62 ዓመቱ ነበር፤ ድንኮች ዕድሜያቸው ረጅም ነውና «ገና ልጅ ነህ» ተብሎ ከቤት ቀረ። ይህን ቃል ከአለቃው የሰማ ወጣት ሹም ሐዘኑን ሳይረዳለት አይቀርም! ኋላ የጉዞ ጓደኛው የሆነው ሌጎላስ ደግሞ የዚያው ያሳሪ ንጉሥ ልጅ ነው። እንግዲህ ጊምሊ ፊቱን ማጥቆሩ ለቀልድ እንዳልነበረ፣ የሁለቱም ወዳጅነት ምን ያህል ዋጋ እንደ ተከፈለበት የሚገባን የኋላ ታሪኩን ስናውቅ ነው።

በእውነተኛው ታሪክ ደግሞ ሌላ ድንክ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ23ኛው ምእት ዓመት ገደማ፣ ሐርኹፍ የተባለ ግብጻዊ ሹም ያም ከሚባለው የደቡብ አገር አንድ ጨፋሪ ድንክ ይዞ ተመለሰ። ሕፃኑ ፈርዖን ዳግማዊ ፔፒ በደስታ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ድንኩ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ በመርከቡ ግራና ቀኝ ጠባቂ ይቁም፣ ሌሊትም አሥር ጊዜ ይታይ ሲል አዘዘ። ሐርኹፍም ደብዳቤውን አስዋን አጠገብ በሚገኘው መቃብሩ ላይ አስቀረጸው። በጽሑፉ ላይ ያለውን «ደነግ» የሚመስል የግብጽ ቃል ከአማርኛው «ድንክ» ጋር ያነጻጸሩ ሊቃውንት አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። የንጉሡ ስም ተጽፏል፤ የሹሙም ስም ተጽፏል። የድንኩ ስም ግን የለም። እንደ ብርቅ ዕቃ ተጠበቀ እንጂ እንደ ሰው አልተጠየቀም። ቶልኪን ላልነበረ ድንክ አባትና አገር፣ ቂምና ወዳጅ ሰጠው፤ ቤተ መንግሥቱ ግን በሕይወት ለነበረው ሰው ስም እንኳ ነፈገው።

እኛስ? ቁመቱ ያጠረ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ጣት የሚቀስር፣ ያለ ፈቃዱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ዛሬም አለ። «ድንክ አልጋ» ስንል ዕቃ የምንጠራበትን ቃል ሰው ላይ ለስድብ እንወረውራለን። እንዲህ ያለ ባለጉዳይ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ወረቀቱን ወደ ላይ ሲዘረጋ፣ ወጣቱ ሹም ከመቀመጫው ተነሥቶ ይውጣና ይቀበለው፤ ከሁሉ አስቀድሞም ስሙን ይጠይቀው፤ አስተካክሎም ይጻፈው።