ሽፈራውን በቤት ውስጥ ከዘር ስለ ማብቀል

በመቱና በአካባቢዋ ከተሞች የቡና ችግኝ ማፍላትን የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህም ሽፈራውን በቤቱ ሊያበቅል የተነሣ ሰው በለመደው እጅ ይጀምራል፤ ለችግኙ ዳስ ይጥልለታል፤ ጧትና ማታ ውሃ ያጠጣዋል። ቡናን የሚያሳድገው ይህ ትጋት ግን ሽፈራውን ይገድለዋል።

ምክንያቱን ከትውልድ አገሩ እናገኘዋለን። በአገራችን በሰፊው የታወቀው ሽፈራው የኮንሶና የጋሞ ቆላ ዛፍ ነው። ኮንሶዎች በድንጋይ እርከን በሠሩት እርሻቸው መካከል ይተክሉታል፤ ቅጠሉንም እንደ ጎመን ቀቅለው ከእህል ድቡልቡል ጋር ይመገቡታል። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው አትክልት ሲደርቅ እርሱ ለምለም ሆኖ ይቆያል፤ ግንዱና ሥሩ ወፍረው ውሃ ያከማቻሉና። ዳሩ ግን ይኸው ወፍራም ሥር በጨቀየ አፈር ውስጥ ፈጥኖ ይበሰብሳል። የመቱ ዝናብ ደግሞ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ በዕቃ መትከል የሚያስፈልገው ለጌጥ ሳይሆን፣ የውሃውን መጠን ባለቤቱ ራሱ እንዲወስን ነው።

ዘሩ የዘንድሮ ይሁን፤ ሲያረጅ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል። ሦስቱን ክንፎቹን አንሥቶ ለአንድ ሌሊት በውሃ መዘፍዘፍ ይበቃል። ሥሩ ወደ ታች የሚወርድ ስለሆነ ዕቃው ጠለቅ ያለ ይሁን፤ አንገቱ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መልካም ነው። ከታች አምስት ስድስት ቦታ ይበሳ። ቀይ አፈር ብቻውን ውሃ ስለሚይዝ ግማሽ ያህል የወንዝ አሸዋና ጥቂት የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበት። ዘሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበር፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ጣት ሰድዶ መፈተን ነው፤ አፈሩ ከላይ ሳይደርቅ ውሃ አይጨመርም።

የመዝሪያው ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው በጋ ነው። ክረምት ሲገባ ዕቃው ፀሐይ ወደሚያገኘው ታዛ ይጠጋ፤ የጣራው ፍሳሽ ግን አይንካው። ጎሬ ከፍ ያለችና ቀዝቃዛ ስለሆነች እድገቱ በዚያ ይዘገያል።

ቁመቱ ከግማሽ ሜትር ሲያልፍ ጫፉ ይቀንጠብ። የለመለመን ጫፍ መቅጠፍ ብዙዎችን ያሳዝናል፤ ሆኖም ቅርንጫፍ አውጥቶ ቅጠሉ የሚበዛው በዚህ ነው። ቅጠሉ ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ስላለው ልጆች ላሉበት ቤት ይጠቅማል። የበሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው የሚለውን የገበያ ወሬ ግን አልደግመውም። ነፍሰ ጡር ሴትም ሥሩንና ልጡን አትቅመስ።