ግግ የሚባለው የሕፃናት ጥርስ በሽታ አለመሆኑ

ጡት የሚጠባ ሕፃን ሲያስቀምጠው፥ ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው «ግግ ወጥቶበታል» ተብሎ ድዱን አስፈልፍሎ ያልበቀለውን ጥርስ ማስወጣት በብዙ የአገራችን ክፍል የቆየ ልማድ ነው። ይህም የሚደረገው ልጅን ለማዳን በማሰብ እንጂ በክፋት እንዳይደለ እናውቃለን። ዳሩ ግን ዕውቀት የጎደለው ፍቅር ይጎዳልና ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

ለመሆኑ ግግ የተባለው ምንድር ነው? በድዱ ላይ ነጣ ብሎ አብጦ የሚታየው ሌላ ሳይሆን፥ ሊበቅል የተዘጋጀው የወተት ክራንቻ ጥርስ ነው። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው፤ የፊተኞቹ በ6 ወር ገደማ ብቅ ሲሉ፥ ክራንቻው ግን ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ወር ይቆያል። እንግዲህ በመንጋጋ ውስጥ ተኝቶ ጊዜውን የሚጠብቀውን ጥርስ በሽታ ነው ብሎ ማውጣት፥ ያላሸተ እህል እንደ ማጨድ ነው። ከሥሩም ኋላ የሚተካው ጥርስ ፍሬ ስላለ፥ በወስፌ ወይም በጋለ ምስማር የተፈለፈለው ድድ ጥርስ ሳይወጣበት ወይም ጥርሱ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። ይልቁንም ያልነጻ ብረት ቁስሉን ያመረቅዛል፥ መንጋጋ ቈልፍንና ሌላም ተላላፊ በሽታ ያመጣል፤ ሕፃኑንም እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል።

የተቅማጡ ምክንያት ግን ጥርሱ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቈሸሸ ውሃ፥ እጅና ዕቃ የሚገባ ተሕዋስ ነው። ሕፃኑን አድክሞ የሚገድለውም ውሃ ከሰውነቱ ማለቁ ስለ ሆነ፥ ጡት ሳያስጥሉ ኦ.አር.ኤስ. የተባለውን በንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት እየሰጡ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዶች መካከል ቈጥሮ፥ በዚህ ምክንያት በሕፃን ላይ ጉዳት ወይም ሞት ያደረሰውን ሰው ይቀጣል።

ጥርሱ በቀለ ማለት ደግሞ ጥበቃው ተጀመረ ማለት ነው። ጧትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ፥ የሩዝ ፍሬ በምታህል ፍሎራይድ ባለባት የጥርስ ሳሙና ማጽዳት፥ ሲተኛም ስኳር ያለበትን መጠጥ አለመስጠት ነው።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ይህን ለራሳችሁ ብቻ አንብባችሁ አትተዉት። በቤታችሁ ላለችው ሞግዚት፥ በገጠር ላሉት ዘመዶቻችሁ፥ በምታስተዳድሩትም አገር ላለው ሕዝብ ንገሩ። ማንበብ ያልቻለች እናት ከእናንተ አንደበት ሰምታ ልጅዋን ከወስፌ ብታድን፥ የጽሑፋችን ዋጋ ተከፈለ እንላለን።