የሣር ማጨጃ ሞተር በሥራ ላይ ሲጠፋ፦ የኤሌክትሪክ ብልሽቱን ስለመፈለግ

ለድርቆሽ የሚሆን ሣር የሚታጨድበት ጊዜ አጭር ነው። በደጋው የአገራችን ክፍል ክረምቱ እንደወጣ፣ ሣሩ በግምት ግማሹ ሲያብብ ካልታጨደ፣ እየጠነከረና ገንቢነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከብቱ በበጋ የሚቀርብለትም ከገለባ ብዙም የማይሻል ይሆናል። ስለዚህ የማኅበሩ ማጨጃ በጥቅምት ለአንድ ሳምንት ቢቆም ጉዳቱ የጥገና ወጪ ብቻ አይደለም። ሞተሩን የሚያቆመው ብልሽት ግን ብዙ ጊዜ በካቻቢቴ፣ በብርጭቆ ወረቀትና በጥቂት ናስትሮ የሚታረም ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በቤንዚን የሚሠሩትን፣ ገመድ ተስቦ የሚነሡትንና ባትሪ የሌላቸውን ትናንሽ ማጨጃዎች ነው። የናፍጣ ሞተር በካንዴላ እሳት ስለማይሠራ እዚህ አልተካተተም።

በመጀመሪያ ሞተሩ እንዴት እንደጠፋ ሠራተኛውን መጠየቅ ይገባል። እያሳለ፣ ኃይሉ እየደከመ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ቤንዚኑ ወይም ወደ አየር ማጣሪያው ያመዝናል። በደኅና እየሠራ ሳለ ሰው እንዳጠፋው ያህል በድንገት ጸጥ ካለ ግን በቅድሚያ የሚመረመረው ኤሌክትሪኩ ነው። ካርቡራቶር መፍታት በየቦታው የመጀመሪያ እርምጃ ሆኗል፤ በእኛ አስተያየት የመጨረሻው መሆን ነበረበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቮላኖው ላይ ያለው ማግኔት በኮይሉ አጠገብ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ኮይሉም ኃይሉን ከፍ አድርጎ ወደ ካንዴላው ይልካል። የቤት አምፖል የሚጠፋው መስመሩ ሲቋረጥ ነው። የማጨጃው ማጥፊያ ግን የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ከኮይሉ የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኘዋል፤ ኤሌክትሪኩም ካንዴላው ዘንድ ሳይደርስ በብረቱ በኩል ያልቃል። እንግዲህ ይህ ሽቦ በንዝረት ብዛት ተልጦ ብረት ከነካ፣ ማጥፊያው እንደተጫነ ይቆጠራል። ማጨጃው በሜዳ ላይ ሲንገጫገጭ እየጠፋ፣ ቆሞ ሲሞከር ግን በደኅና የሚነሣው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። እጀታው ሲለቀቅ ሞተሩን የሚያጠፋ መከላከያ ያላቸው ማጨጃዎችም በመከላከያው ላይ እርጥብ ሣርና ጭቃ ሲከማች ተመሳሳይ ጠባይ ያሳያሉ።

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት የካንዴላው ሽቦ ይነቀል፤ ያለዚያ ማንም እጁን ወደ ምላጩ አያስጠጋ። ከዚያ ካንዴላው ተፈትቶ ይታያል። ጥላሸት ከያዘ ይጠረጋል፤ ክፍተቱ በአብዛኞቹ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ ካንዴላው ከሽቦው ጋር እንደገና ይያያዝና የብረት ክፍሉ የሞተሩን ብረት በደንብ እንዲነካ ይደረጋል። ይህም የሚሆነው የፈሰሰ ቤንዚን በሌለበትና ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ ተብሎ ነው። ካንዴላው በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ ይያዝ፤ ገመዱም ይሳብ። ሰማያዊና ጠንካራ እሳት ከታየ ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው።

እሳት ከሌለ፣ ወይም አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወደ ማጥፊያው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ከኮይሉ በኩል ይነቀልና ሙከራው ይደገማል። አሁን እሳት ከመጣ ኮይሉ ደኅና ነው፤ ብልሽቱ ያለው በሽቦው ወይም በማጥፊያው ውስጥ ነው። የተላጠው ቦታ ተፈልጎ በናስትሮ ይጠቀለል፤ ሽቦውም ከብረት ጠርዝ ርቆ ይታሰር። ሽቦው ተነቅሎ እንዳለ ወደ ሥራ መሄድ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ሰው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ነገር አይኖርምና።

ሽቦው ተነቅሎም እሳት ካልመጣ በኮይሉና በቮላኖው መካከል ያለው ክፍተት ይታይ፤ በብዙዎቹ ሞተሮች 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል። ፑንቲና ባላቸው አሮጌ ሞተሮች ደግሞ የፑንቲናው ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆኑ ይረጋገጥ።

አንድ አሳሳች ሁኔታ አለ። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይነሣል። ሁሉም ኮይሉ ተቃጠለ ይላል። ኮይል በእርግጥ ሲሞቅ ሊከዳ ይችላል፤ ነገር ግን የቤንዚን ታንከር ክዳን የአየር ቀዳዳ ሲደፈንም ልክ እንዲሁ ይሆናል። መለያው ሞተሩ እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ እሳቱን መሞከር ነው። በትኩስነቱ እሳት ከሰጠ ክዳኑ ይጽዳ፤ ካልሰጠና ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሰጠ ኮይሉ ይለወጥ።

ምላጩ ድንጋይ መትቶ ሞተሩ ከጠፋ ነገሩ ሌላ ነው። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ተቆርጣ ይሆናል፤ እሳት ቢኖርም ያለጊዜው ይመጣል፤ ገመዱም ወደ ኋላ ይጎትታል። ይህ ቮላኖ መንቀያ ስለሚያስፈልገው ወደ ጥገና ይላካል። ማጨጃው ሲላክም እሳቱ በትኩስና በቀዝቃዛ ምን እንደነበረ፣ ቀጭኑ ሽቦ ሲነቀል ለውጥ መኖሩ በወረቀት ተጽፎ በእጀታው ላይ ይታሰር።